የጠቆረው ቀይ ድንጋይና የአያ ሲሳይ ደብተር

ሰው ጡረታ ሲወጣ የሥራ ዘመኑን ይጽፋል። እኔ ጡረታ አልወጣሁም፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ግን የሠራሁት ሥራ አልቋል። ማሽኑ ታሽጎ ሄዷል። እዚህ ላስታ ውስጥ ያን ሥራ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ሞቷል። ስለዚህ እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። አጻጻፌ ቢያነክስ አንባቢ ይታገሠኝ። የምለውን ግን አልተውም።

የሞተው ወንድሜ ሲሳይ ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ አያ እለዋለሁ። ሥራችን በሌዘር ድንጋይ ማጽዳት ነበር። ቦታው ከላሊበላ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የምትርቅ፣ ከአለት የተፈለፈለች ትንሽ ቤተክርስቲያን ናት። ስሟን አልጽፍም። ጥፋቱ የኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

ሥራ የጀመርኩት በብየዳ ነው። ላሊበላ ከተማ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እንሠራ ነበር። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ዘመን ስለነበር እኛም በፈረቃ እንሠራለን። አያ ሲሳይ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪውን በፊዚክስ ይማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ ብርቱ የሌዘር ጨረር ከፕላዝማ ጋር ሲገናኝ ስለሚሆነው ነገር ነው። ፕላዝማ ማለት ከመጠን በላይ ግሎ የተበታተነ፣ የሚያበራ ጋዝ ነው። ይህን ለአባታችን ማስረዳት ከባድ ነበር። ጎረቤታችን አንድ ቀን ለአባታችን፦

«ልጅህ ብርሃን ተምሮ መጣ አሉ። እስቲ ለሰፈሩ መብራት ያምጣልን» አለው።

አባታችንም «ያመጣል፤ ፈረቃው ሲደርሰው» አለ።

ሰው ሳቀ። አያ ሲሳይም አብሮ ሳቀ፤ ግን እንዳልተመቸው አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ብልጭታ በቀመር ጽፏል። ብልጭታውን በዓይኑ አላየውም። ብርቱ ሌዘር የሚነካበት ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ወረቀት ነበረው፣ እርሳስ ነበረው።

ለእረፍት በመጣ ጊዜ ብየዳ ቤት ቆሞ በጭምብሌ አየ። የብየዳውን እሳት ለረጅም ጊዜ አየ።

«ይኼ እኮ ፕላዝማ ነው» አለኝ።

«ብየዳ ነው አያ» አልኩት።

«እሱንም ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ፕሮጀክቱ የመጣው። የጥንት ድንጋዮችን የሚጠግን ፕሮጀክት ነበር፤ አንድ የሌዘር ማጽጃ ማሽን ይዞ መጣ። ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ፤ ወንድሜ ተቀጠረ። ጄኔሬተርና የኤሌክትሪክ ነገር የሚይዝ ረዳት ፈለጉ፤ እኔ ተቀጠርኩ። የኔ ቅጥር በየሦስት ወሩ የሚታደስ ጊዜያዊ ነበር። ደመወዙ ከብየዳው ትንሽ ይሻላል። ስለ ደመወዝ ይህ ይበቃል።

ማሽኑ የልብስ ሳጥን ያህላል፤ ክብደቱ ግን የልብስ አይደለም። መኪና እስከሚደርስበት ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ በሁለት እንጨት ላይ አስረን እንደ ቃሬዛ ለአራት ተሸከምነው። ገበሬዎች መንገድ ለቀቁልን። አንዱ ቆቡን አውልቆ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ። አያ ሲሳይ «ገና ነው» አለው። እንዲህ ነበር ቀልዱ።

አሁን ስለ ሥራው ልናገር። የቤተክርስቲያኗ ድንጋይ ቀይ ነው። ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው የብረት ዝገት ነው። በላዩ ላይ ግን ከዝናቡ፣ ድንጋይ ላይ ከሚበቅለው ሽበትና ከጭሱ የተሠራ ጥቁር ቅርፊት ነበር። በብሩሽ ቢፈትጉት ድንጋዩም አብሮ ይነሳል። ሌዘሩ ግን በጣም አጭር በሆነ ምት ይመታዋል። ጨረሩ ለዓይን አይታይም። ቦታውን የምታሳይ ቀይ ነጥብ ብቻ አለች። ጥቁሩ ቅርፊት ጨረሩን ይጠጣል፣ በቅጽበት ይተናል፣ እዚያው ላይ ሰማያዊ ነጭ ብልጭታ ይወለዳል። ያቺ ብልጭታ ፕላዝማ ናት። ድምፅ አላት። በእያንዳንዱ ምት ጠ! ትላለች።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳም። በጥቁር ጨርቅ ከልለን፣ መነጽር አድርገን፣ አያ ሲሳይ ማሽኑን ከፈተ። ጠ አለ። እንደገና ጠ አለ። የስሙኒ ያህል ቦታ ቀይ ሆነ። እሱ ግን ድንጋዩን አላየም። ብልጭታዋን ነው ያየው። መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ ቆመ።

«ምነው አያ፣ ተበላሸ?»

«የለም» አለኝ። «በወረቀት ነበር የማውቃት።»

ሥራውን ያስተማረኝ በጆሮ ነው። እንደ ሌላ ሰው ቁልፍ በማዞር አልጀመረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መሣሪያውን አላስነካኝም፤ ጀርባዬን ወደ ግድግዳው አዙሮ ድምፁን ብቻ አሰማኝ። ቅርፊቱ ገና ካለ ድምፁ ደረቅና ጥርት ያለ ነው። ቅርፊቱ አልቆ ድንጋዩ ሲገለጥ ይደክማል፣ እየጠፋ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ እጅ ይነሳል። «አሁን ምን ላይ ነኝ?» ይለኛል። «ቅርፊት ላይ።» «አሁንስ?» «ድንጋይ።» ስሳሳት ዝም ይላል። ልክ ስሆንም ዝም ይላል። ትክክል መሆኔን የማውቀው ወደ ሚቀጥለው ሲሄድ ነው።

ሌላ ልማድ ነበረው። ባለ ካሬ መስመር ደብተር ይዞ ለእያንዳንዱ ቦታ በእርሳስ ይጽፋል፦ ቀኑ፣ ኃይሉ፣ ርቀቱ፣ ድምፁ፣ የሠራው ሰው። ድምፁን እንደሰማው ነው የሚጽፈው። «ጠ፣ ጥርት ያለ»፤ «ጠፍ፣ እርጥብ»። ይህን አስተባባሪው፣ ማለት የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ አይቶ ሳቀበት። «ይኼ ሳይንስ ነው ወይስ የእረኛ ዜማ?» አለው።  አያ ሲሳይ ግን በማግስቱ ድምፁን ከበፊቱ አስረዝሞ ጻፈ።

ብዙ ጊዜ የጠየቅኩት ጥያቄ ነበረኝ። ለምን ኃይሉን ጨምረን ቶሎ አንጨርስም? ቁልፉ አለ። ማሽኑ ይችላል። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ መለሰልኝ።

«የሙጃን ገበያ ታውቀዋለህ?»

«አውቃለሁ እንጂ።»

«አንድ ሰው በገበያው መሀል ቢያልፍ ገበያው አይሰማውም። ደካማ ብርሃን እንደዚያ ነው። የሠርግ አጃቢ ቢያልፍ ግን ገበያው ይከፈላል። የተከፈለው ገበያ ደግሞ ግራ ቀኝ ቆሞ አጃቢውን ያጠበዋል፤ በአንድ ቀጭን መንገድ ያስኬደዋል። ብርቱ ብርሃን መንገዱን ይለውጣል፣ የተለወጠው መንገድ ብርሃኑን ይለውጣል። ገባህ?»

«አጃቢው የበለጠ ቢበዛስ?»

«ገበያው ይረበሻል። አጃቢው እዚያው ይቀራል፤ ሙሽራዋ ቤት አይደርስም። ብልጭታዋም ስትበዛ ከድንጋዩ ትነሳና ከፊት ትቆማለች። የሚመጣውን ብርሃን እሷው ትበላዋለች። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ሥራው ባዶ ነው። እጥፍ ብትጨምር እጥፍ አታገኝም።»

ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እንጀራዬን በላሁ። አልገባኝም ነበር።

ጥፋቱ እንዲህ ነው። ሰው የሥራ ዘመኑን ሲጽፍ ጥፋቱን በአጭሩ ያልፈዋል፤ እኔ አላልፈውም።

በቤተክርስቲያኗ በር አጠገብ በግድግዳው ላይ የተቀረጸ መስቀል አለ። ስለት ያለበት ሰው ጧፍ አብርቶ እዚያው መስቀሉ ቀኝ ክንድ ላይ ይለጥፋል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ በቀኙ ክንድ ላይ ያለው ጥቁር እንደ ሌላው ቅርፊት አልነበረም። ሰሙ ድንጋዩ ውስጥ ገብቷል፤ ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት ነውና ይጠጣል። አያ ሲሳይ ይህን ያውቅ ነበር። ሰሙን በሞቀ ማንኪያና በወረቀት እየመጠጥን ማውጣት እንዳለብን ነግሮኛል። ሳምንት የሚወስድ፣ የሚያሰለች ሥራ ነው።

የቤተክርስቲያኗ ዓመታዊ በዓል አራት ቀን ቀረው። ግራው ክንድ ጸድቶ ቀልቷል። ቀኙ ጥቁር ነው። የቤተክርስቲያኗ ንብረት ኃላፊ ቄሰ ገበዙ መጥተው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ መስቀሉ በበዓሉ ቀን ግማሹን ለብሶ ግማሹን አውልቆ ይታይ?» አሉ።

«አባታችን፣ የበዓሉ እንግዳ አይቸኩልም፤ ድንጋዩም አይቸኩልም» አለ አያ ሲሳይ።

«ድንጋዩስ አይቸኩልም። ምእመኑ ነው የሚያፋጥጠኝ።»

በማግስቱ አያ ሲሳይ የጄኔሬተር ዕቃ ሊያመጣ ወልድያ ሄደ። ሲሄድ «እስክመለስ ሰሙን ብቻ አንሳ። ማሽኑን አትንካ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ግማሽ ቀን በማንኪያ ሠራሁ። ከዚያ ማሽኑን ከፈትኩ። ማንም አላዘዘኝም። ቄሰ ገበዙም አላዘዙኝም፤ እሳቸው እቃ ቤት ነበሩ። ብቻዬን መሥራት እንደምችል ማሳየት ፈለግሁ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

በተፈቀደው ኃይል ጀመርኩ። ጠፍ አለ፣ እርጥብ። ምንም አልተነሳም። አንድ እርከን ጨመርኩ። ድምፁ አደገ። ሌላ ጨመርኩ። ጧ! አለ። ደስ አለኝ። ድምፁ ሲያድግ ሥራው ያደገ መሰለኝ። ብልጭታዋ ከድንጋዩ አንድ ጣት ያህል ተነስታ አየር ላይ ቆማ ነበር፤ አየኋት። አይቻት አላየኋትም። ቅርፊቱ እምቢ ሲል መሣሪያውን አስጠጋሁ፤ በእልህ። ጭስ ወጣ። ሰሙ ነደደ። ጭሱን ስጠርገው ጥቀርሻ ነው ብዬ አሰብኩ። በውኃ አጠብኩት። በአልኮል አጠብኩት። በለስላሳ ብሩሽ ሞከርኩ። አልለቀቀም። ጥቀርሻ አልነበረም። በጣም የጋለ ቀይ ዝገት ቀይነቱን ያጣል፣ ይጠቁራል፤ ይህን ኋላ ነው የተማርኩት። የመዳፍ ያህል ቦታ፣ ድንጋዩ ራሱ ጠቆረ። ይህን የሚመልስ ሌዘር የለም።

አያ ሲሳይ በማግስቱ መጣ። መሬት ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ቦታውን አየ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ነካው፤ ጣቱን አየ፤ ንጹሕ ነው። አልሰደበኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ትልቅ ነበር።»

«ከድንጋዩ ነው ወይስ ከአየሩ?»

«አላወቅሁም።»

«ታውቃለህ» አለኝ። 

ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ነበር። ሠራተኛ ተሰብስቦ ይገማገማል፤ ጥፋት ያለበት ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ሌላው ይጨምርበታል፤ ሁሉም በቃለ ጉባኤ ይያዛል። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ስለ መስቀሉ ግምገማ ተጠራ። አስተባባሪው «ማሽኑን ማን ነው የከፈተው?» አለ።  ልነሳ ነበር፤ እላለሁ እንጂ እውነቱን አላውቅም። አያ ሲሳይ ከኔ ቀድሞ ተነሳ።

«ግለ ሂስ አለኝ» አለ። «ከወልድያ መልስ ቸኩዬ ኃይል ጨምሬ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ከወልድያ የመጣው ከጥፋቱ በኋላ መሆኑን ተራ ዘበኛ ያውቃል። ማንም አልጠየቀም። የማሽኑ ኃላፊ ራሱ ሲያምን ጉዳዩ ይዘጋል። እኔም ዝም አልኩ። ይህ ነው ትልቁ ጥፋቴ፤ ድንጋዩ ሁለተኛ ነው።

ስንወጣ ተከተልኩት።

«ለምን አያ?»

«ያንተ የቅጥር ደብዳቤ በሦስት ወር የሚቀደድ ነው። እኔ ማስተማር እችላለሁ።»

«እናገራለሁ።»

«ዛሬ ብትናገር ሁለታችንም እንወጣለን፤ ማሽኑን የሚሰማው ሰው አይኖርም። ግድግዳው ገና ሦስት እጅ ይቀረዋል። እሱን ጨርስ።»

እሱን ከፕሮጀክቱ አስወጡት። ኩልመስክ ከተማ የፊዚክስ መምህር ሆነ። እኔ ቀረሁ። ሦስቱን እጅ ጨረስኩ። በጆሮዬ ሠራሁ፤ ዓይኔን ብዙ ጊዜ አላመንኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ እየዞረ በጣቱ ይነካል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰሜኑን ግድግዳ ስጨርስ፣ «ይኼን እኔም እንዲህ አልሠራውም ነበር» አለኝ። እንዲህ ሲያመሰግነኝ ሌላ ጊዜ አልሰማሁትም።

በእነዚያ ዓመታት ሰው የጠቆረውን ቦታ ምልክት ነው ማለት ጀመረ። አንዲት አሮጊት ተሳልመውት ሲነሱ፦

«እማማ፣ ይኼ ምልክት አይደለም። የኔ ጥፋት ነው» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት ለእሳቸው ነው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ታዲያ ያንተ ጥፋት ከመስቀሉ ይበልጣል?» ብለው ሄዱ።

ወንድሜ የሞተው በመንገድ ነው። ከፍላቂት የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ይኸው ነው፤ ሌላ አልጽፍም። ለቅሶ ላይ «እግዜር የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል» አሉኝ። እሺ አላልኩም። «ምን ይደረግ፣ ብዙ ተምሮ ምንም ሳይሠራ» አሉ ደግሞ። እዚህ ላይ ተነስቼ ወጣሁ፤ ካልወጣሁ እጄ የሚያደርገውን አላውቅም ነበር። ምንም ሳይሠራ? ሂዱና ግድግዳውን እዩ።

አርባው ካለፈ በኋላ እናታችን የእሱን ሳጥን ከፈተች። ደብተሩ እዚያ ነበር። ገጽ በገጽ አየሁት። ቀን አለ፣ ኃይል አለ፣ «ጠ፣ ጥርት ያለ» አለ፣ «የሠራው፦ ሲሳይ» አለ። ከዚያ ያ ቀን መጣ። ቀኑ በእርሳስ ተጽፏል። በጎኑ «መስቀል፣ ቀኝ ክንድ» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ኃይል የለም፣ ድምፅ የለም፣ የሠራው ሰው የለም። ሙሉ ገጹን ትቶታል። በሚቀጥለው ገጽ ሌላ ሥራ ይጀምራል።

በስብሰባ ፊት ዋሽቶልኛል። ደብተሩ ላይ ግን አልዋሸም። የራሱን ስም አልጻፈም። የኔንም አልጻፈም። ቦታውን ለኔ አስቀምጦልኛል።

በዚህ ዓመት ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ሆነ። የመዝጊያ ሪፖርት ተዘጋጀ። አስተባባሪው ቢሮ ጠርቶ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። በመስቀሉ ላይ የደረሰው ጉዳት በቀድሞው ባለሙያ በሲሳይ ቸልተኝነት የተፈጠረ መሆኑን እኔ በምስክርነት እንድፈርም ነው። ከጎኑ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀቴ ተቀምጧል፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ራሱ ያመነው ነገር ነው እኮ።»

«አልሠራውም። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

አስተባባሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ልጅ ምስጋናው፣ የሞተ ሰው አይከሰስም፣ ደመወዙ አይቆረጥም። ምን ይጎዳዋል? አንተ ነህ የምትጎዳው። ይህን ወረቀት ይዘህ የትም ትቀጠራለህ።»

«የሞተ ሰው ስለማይናገር ነው የምናገረው።»

«ስብሰባው ነገ ነው። እስከ ነገ አስብበት።»

አሰብኩበት። በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ፣ ቄሰ ገበዙም ተጋብዘው፣ በተቀመጡበት እጄን አወጣሁ። «ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። ግምገማ እንኳ አልነበረም፤ የምስጋና ስብሰባ ነበር። ለስላሳ ተደርድሯል። አስተባባሪው «ይህ በአጀንዳው የለም» አለ። ቆሜ ተናገርኩ። ሰሙን፣ ቁልፉን፣ ስንት እርከን እንደጨመርኩ፣ ድምፁ ከአየሩ እንደነበር፣ እንዳወቅሁትና እንዳላወቅሁ እንደሆንኩ። ንግግር አልችልም፤ ሦስት ጊዜ አቋረጥኩ፤ ግን ጨረስኩ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ እስክሪብቶውን አንስቶ አስተባባሪውን ያያል። አስተባባሪው ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳትጽፍ ማለቱ ነው። ልጁ አልጻፈም።

«ቃለ ጉባኤው ባይዘው ግድ የለም» አልኩ። «እኔ ደብተር አለኝ።»

የሥራ ልምድ ወረቀቴን አልሰጡኝም። አሁን ወደ ብየዳ ቤት ተመልሻለሁ። በር እሠራለሁ። ጭምብሌን ሳወርድ ያቺው ብልጭታ አለች፤ ማኅተም አትጠይቅም።

ከስብሰባው ማግስት ወደ ቤተክርስቲያኗ ወጣሁ። ቄሰ ገበዙ ከደጃፉ ተቀምጠው ነበር።

«አባታችን፣ ይህን ደብተር እቃ ቤት ያስቀምጡልኝ።»

«ቅኔ ነው?»

«የሥራ መዝገብ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን ግድግዳ የሚያጸዳ ሰው ቢመጣ ይፈልገዋል።»

«ቀኙ ክንድ ላይ የሆነውም አለበት?»

«ትንሽ ይቆዩኝ» አልኳቸው።

ከመስቀሉ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እርሳስ አልያዝኩም ነበር። እሱ በእርሳስ ነው የጻፈው፤ እኔ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፤ በላጲስ አይጠፋም። ከእሱ ቀን በታች፣ በባዶው ገጽ ላይ፦

ኃይል፦ ከተፈቀደው ሦስት እርከን በላይ። ርቀት፦ በጣም ቅርብ። ድምፅ፦ ጧ፣ ትልቅ፣ ከድንጋዩ ርቆ፣ ከአየሩ። የሠራው፦ ምስጋናው፣ የሲሳይ ወንድም።